የጭንቀት ሆርሞን የአንጎልን የደስታ ኬሚስትሪ እንዴት ይለውጣል? ከቤተ ሙከራ አይጦች እስከ ኡጋንዳ ቺምፓንዚዎች

ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጋር ከምትገናኝባቸው ሥፍራዎች አንዷ ፖርት ቤል ናት። ይህች አነስተኛ ወደብ ስያሜዋን ያገኘችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኡጋንዳን ካስተዳደሩት እንግሊዛዊው ሰር ሄስኬት ቤል ነው። ዛሬ ግን ስሟ ይበልጥ የሚነሳው ከመጠጥ ጋር ነው።

በአውሮፓውያኑ 1946 የተመሠረተው የኡጋንዳ ቢራ ፋብሪካ የሚገኘው እዚህ ነው። በወደቧ ስም የተሰየመው ቢራ የሚጠመቀውም፣ 'ዋራጊ' የተሰኘው የአገሪቱ ታዋቂ አረቄ በጠርሙስ የሚታሸገውም በዚሁ ነው።

ከፋብሪካው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ በዚያው በናካዋ ክፍለ ከተማ፣ ቡታቢካ የተባለው የአገሪቱ ብሔራዊ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ይገኛል። በ1955 የተከፈተው ይህ ሆስፒታል ከመጠጥና ከሌሎች ሱሶች ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎችን የሚያክም ክፍል አለው።

ኡጋንዳ በአፍሪካ ከፍተኛ የአልኮል ፍጆታ ካላቸው አገራት ተርታ ትመደባለች። ይሁንና መጠጥ ከሚቀምሱ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ወደ ቡታቢካ አያመሩም። ታዲያ አንዱ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ሌላውን ለምን መጠጥ አስሮ ይይዘዋል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ብቻ የሆነ መልስ የለም። የዘር ውርስ፣ ዕድሜ፣ የመጠጡ ዋጋና በቀላሉ መገኘት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ተመራማሪዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት በእንስሳት ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች ደጋግመው የሚያገኙት አንድ ነገር አለ። እርሱም ጭንቀት ነው።

ጭንቀት ስሜት ብቻ አይደለም። በደም ውስጥ የሚዘዋወር ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል አንጎል ስለ ደስታ፣ ስለ ምኞትና ስለ ሽልማት የሚያደርገውን ስሌት የመለወጥ አቅም አለው።

ሕይወት አዳኙ ሆርሞን

በ1936 በካናዳ ሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሰልዬ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። አይጦችን ለብርድ፣ ለጉዳት ወይም ከአቅም በላይ ለሆነ ድካም ሲያጋልጣቸው፣ የችግሩ ዓይነት ቢለያይም የሰውነታቸው ምላሽ ተመሳሳይ ነበር።

ከኩላሊታቸው በላይ የሚገኙት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ያብጣሉ። ጨጓራቸው ይቆስላል። ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙ የሰውነት ክፍሎቻቸው ይኮማተራሉ። ዛሬ 'ጭንቀት' ወይም 'ውጥረት' ስለምንለው አካላዊ ሁኔታ የሚደረገው ዘመናዊ ጥናት መነሻ ካደረጋቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ ሰንሰለቱ በዝርዝር ይታወቃል። አንድ እንስሳ አደጋ ሲያይ በአንጎሉ ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ የሚያደርስ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ፒቱታሪ የተባለችውን ትንሽ ዕጢ ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪ ደግሞ በደም በኩል ለአድሬናል ዕጢዎች መልዕክት ትልካለች።

አድሬናል ዕጢዎች በምላሹ የጭንቀት ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። በሰውና በዝንጀሮ ዝርያዎች ይህ ሆርሞን በዋናነት ኮርቲዞል ይባላል። በአይጦችና በአእዋፍ ኮርቲኮስቴሮን የተሰኘው ወንድሙ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል።

ልብን በቅጽበት የሚያስደነግጠው አድሬናሊን ነው። ኮርቲዞል ግን በደቂቃዎች ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣና ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። ስኳር ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፣ ጉልበትን ያሰባስባል፣ ለጊዜው አስቸኳይ ያልሆኑ የሰውነት ሥራዎችን ገታ ያደርጋል።

ስለዚህ ኮርቲዞል በራሱ ጠላት አይደለም። ከአንበሳ የምታመልጥ ድኩላ ያለ እርሱ ረጅም አትዘልቅም። ሰውም ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ የዚህ ሆርሞን መጠን ከፍ ብሎ ቀኑን ያስጀምረዋል፣ ወደ ማታ ደግሞ ይቀንሳል።

ችግሩ የሚመጣው አደጋው ሳያልፍ ሲቀር ነው። አንበሳው ካለፈ ድኩላዋ ወደ ግጦሿ ትመለሳለች። የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማጣት፣ ስደት ወይም ጦርነት ግን ከአንድ ሌሊት በኋላ የሚጠፉ አንበሶች አይደሉም።

ዶፓሚን፡ ከደስታ ይልቅ የፍላጎት መልዕክተኛ

ሰልዬ ግኝቱን ይፋ ካደረገ ከ18 ዓመታት በኋላ፣ በዚያው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ኦልድስ እና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ በር ከፈቱ።

በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብተው፣ እንስሳቱ መጫኛ በተጫኑ ቁጥር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲያገኙ አደረጉ። ሽቦው በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች ላይ ሲያርፍ አይጦቹ መጫኛውን መተው አቃታቸው። በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ የተጫኑ ነበሩ።

በአንጎል ውስጥ 'ይህን ድገመው' የሚል መልዕክት የሚያስተላልፍ መንገድ እንዳለ በዚህ ታወቀ። የመንገዱ ዋነኛ ክፍል ከመካከለኛው አንጎል ተነስቶ ወደ ፊት ይዘረጋል። መነሻው ላይ ያሉት የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ያመርታሉ። መድረሻው ላይ ያሉት ደግሞ ዶፓሚኑን ይቀበላሉ።

ብዙዎች ዶፓሚንን 'የደስታ ሆርሞን' ይሉታል። እውነታው ግን ከዚህ ይወሳሰባል።

በስዊዘርላንድ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልዝ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ የዶፓሚን ሴሎች በይበልጥ የሚነቁት ያልተጠበቀ የፍራፍሬ ጭማቂ ሲመጣ መሆኑን አዩ። እንስሳቱ ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት መብራት እንደሚበራ ከተማሩ በኋላ፣ ሴሎቹ የሚነቁት ለጭማቂው መሆኑ ቀርቶ ለመብራቱ ሆነ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ የሴሎቹ እንቅስቃሴ ይቀንሳል።

በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ። ዶፓሚን በአንጎላቸው የጠፋባቸው አይጦች ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግ እንደ ጤነኞቹ የመውደድ ምልክት ያሳያሉ። ምግቡን ፍለጋ ግን አይንቀሳቀሱም።

ስለዚህ ዶፓሚን ከጣዕሙ ይልቅ የፍለጋው መልዕክተኛ ነው። ምን መፈለግ እንዳለበት፣ ለዚያ ምን ያህል መድከም እንደሚያዋጣና የተገኘው ከተጠበቀው መብለጡን ወይም ማነሱን ለአንጎል ይነግራል።

ሁለቱ ሲገናኙ

የጭንቀት ሆርሞንና ዶፓሚን ለረጅም ጊዜ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች፣ በተለያዩ ባለሙያዎች ሲጠኑ ቆዩ። ግንኙነታቸው ጎልቶ መታየት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነው።

በፈረንሳይ ቦርዶ የሚገኙት ፒየር ቪንሴንዞ ፒያዛ፣ ሚሼል ለ ሞአል እና ባልደረቦቻቸው በ1993 ባሳተሙት ጥናት አይጦች ኮርቲኮስቴሮንን በራሳቸው ፈቃድ ወደ ደማቸው እንዲያስገቡ ዕድል ሰጧቸው። አንዳንዶቹ አይጦች አደረጉት። በደማቸው የተገኘው የሆርሞን መጠንም በጭንቀት ወቅት ከሚታየው ጋር የሚቀራረብ ነበር።

ሌሎች ሙከራዎች ደግሞ ነገሩን ከተቃራኒው አቅጣጫ ፈተሹት። አድሬናል ዕጢዎቻቸው የተወገዱባቸው አይጦች ኮኬይን የመውሰድ ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሆርሞኑ ሲመለስላቸው ፍላጎታቸውም ተመለሰ።

ይህ በመጀመሪያ እይታ ግራ ያጋባል። ጭንቀትን የሚሸከም ሆርሞን ለምን ከደስታ መንገድ ጋር ይተባበራል?

ለዱር እንስሳ ካሰብነው ግን ትርጉም አለው። የራበው ወይም ከአደጋ ያመለጠ እንስሳ ተስፋ ቆርጦ ቢተኛ ይሞታል። ይልቁንም ምግብና መጠለያ ይበልጥ እንዲያጓጉት፣ ወደ እነርሱ የሚወስዱ ምልክቶችን ቶሎ እንዲማር ያስፈልጋል። አጭር ጭንቀት የዶፓሚንን መንገድ የሚያነቃው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

በሌላ አነጋገር፣ ጥቂት ጭንቀት ዓይንን ይከፍታል። በተመሳሳዩ ምክንያት ግን፣ በተጨነቀ እንስሳ ፊት አደንዛዥ ዕፅ ወይም መጠጥ ከተቀመጠ፣ ለምግብና ለመጠለያ የተዘጋጀው ጉጉት ወደዚያ ሊያዘነብል ይችላል።

ከገደብ ሲያልፍ የሚገለበጥ መልዕክት

ጭንቀቱ ከባድ ሲሆን ወይም ሲደጋገም ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በ2012 በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 'ኔቸር' በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ትኩረት ያደረገው በጭንቀት ሰንሰለቱ ራስ ላይ ባለው፣ አንጎል ውስጥ በሚመነጨው የትዕዛዝ ሆርሞን ላይ ነበር። ይህ ሆርሞን በደህና ሁኔታ ላይ ባሉ አይጦች የዶፓሚን መንገድ መድረሻ ላይ ሲጨመር ዶፓሚን እንዲበዛ አደረገ። አይጦቹም ሆርሞኑን ያገኙበትን ክፍል ወደዱት።

ከዚያም ተመራማሪዎቹ ሌሎች አይጦችን ለሁለት ቀናት ማምለጫ በሌለው ውሃ ውስጥ እንዲዋኙ በማድረግ ለከባድ ጭንቀት አጋለጧቸው። ከዚህ በኋላ ያው ሆርሞን ዶፓሚን የመጨመር አቅሙን አጣ። አይጦቹም ሆርሞኑን ካገኙበት ክፍል መሸሽ ጀመሩ።

ለውጡ ቢያንስ ለ90 ቀናት ዘለቀ። ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ገደማ ለሆነ አይጥ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ቀድሞ 'ተነሳ፣ ፈልግ' ይል የነበረው መልዕክት 'ሽሽ' ወደሚል ተገለበጠ።

በ2013 በፈረንሳይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ጭንቀት ከሌሎች ጋር ያለንን ግንኙነት እንዴት እንደሚነካ አሳየ። በጉልበተኛ አይጦች በተደጋጋሚ የተጠቁ አይጦች ከዚያ በኋላ ሌላ አይጥ መቅረብ ይፈራሉ፣ ብቻቸውን ይሆናሉ።

ተመራማሪዎቹ ዶፓሚን በሚቀበሉ የነርቭ ሴሎች ላይ ያለውን የጭንቀት ሆርሞን መቀበያ በዘረ መል ዘዴ አስወገዱ። እነዚህ አይጦች ተመሳሳዩ ጥቃት ቢደርስባቸውም ከሌሎች መሸሽ አልታየባቸውም። ጥቃቱን ወደ ብቸኝነት የሚለውጠው በር በደስታ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው።

ብርጭቆው ለምን አይበቃም?

አልኮል ለዘመዶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ2025 'ሳይንስ አድቫንስስ' ላይ የታተመ ጥናት በኡጋንዳ ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው ንጎጎ እንዲሁም በኮትዲቯር ታይ ደን የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች የሚመገቧቸውን ፍሬዎች መረመረ። ሲበስሉ በተፈጥሮ የሚብላሉት እነዚህ ፍሬዎች አነስተኛ መጠን ያለው አልኮል አላቸው።

ቺምፓንዚዎቹ ግን በቀን በርካታ ኪሎ ፍሬ ይመገባሉ። በመሆኑም በአማካይ በቀን 14 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል ወደ ሰውነታቸው እንደሚገባ ተሰልቷል። ይህ በአንድ አነስተኛ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ፣ ከምግብ ጋር የሚገባ ነው።

በጠርሙስ የታሸገ አረቄ ግን ሌላ ነገር ነው። አልኮሉ የተጠራቀመ ነው፣ ዘወትር በእጅ ይገኛል፣ የሚጠጣውም ብዙ ጊዜ ከጭንቀት በኋላ ነው።

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በጆን ዳኒ የሚመራው ቡድን በ2016 ባሳተመው ጥናት ይህን ሁኔታ በአይጦች ላይ መረመረ። አይጦቹ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው ለጭንቀት ተጋለጡ። በማግስቱ አልኮል የተቀላቀለበት ጣፋጭ ውሃ ቀረበላቸው።

የተጨነቁት አይጦች ካልተጨነቁት ይበልጥ ጠጡ። ይህም ለሳምንታት ቀጠለ። የሚያስገርመው ግን በአንጎላቸው የታየው ነው። አልኮል ሲጠጡ የተለቀቀው ዶፓሚን ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

የበለጠ የጠጡት የበለጠ ስላስደሰታቸው አልነበረም። ያገኙት ያነሰ ነበር።

ለምን? በዶፓሚን ሴሎች አካባቢ እንደ ፍሬን የሚያገለግሉ ሌሎች የነርቭ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች ጋባ የተባለ ኬሚካል ወደ ጎረቤቶቻቸው እየላኩ እንቅስቃሴያቸውን ያረጋጋሉ። ጋባ ፍሬን ሆኖ እንዲሠራ በሴሉ ውስጥና ውጭ ያለው የክሎራይድ መጠን ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ሚዛኑን የሚጠብቅ በሴሉ ግድግዳ ላይ የተተከለ ትንሽ የፕሮቲን ፓምፕ አለ።

ጭንቀቱ ይህን ፓምፕ አዳከመው። በዚህም የተነሳ ፍሬን ሰጪዎቹን ሴሎች ራሳቸውን ሊያረጋጋ የሚገባው ጋባ ይበልጥ አነቃቸው። አልኮል ሲገባ እነዚህ ሴሎች ከልክ በላይ ሠሩ፣ በዶፓሚን ሴሎች ላይ ያለው ፍሬንም ጠበቀ።

ተመራማሪዎቹ ከጭንቀቱ በፊት የጭንቀት ሆርሞኑን መቀበያ የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጡ ለውጡ አልተከሰተም። ከጭንቀቱ በኋላ ደግሞ የፓምፑን ሥራ የሚያግዝ ኬሚካል ሲሰጡ አይጦቹ የሚጠጡት መጠን ቀነሰ። የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ መቆሙ በዚህ ታየ።

በተጨማሪም አልኮል በብዛት ሲወሰድ ራሱ የጭንቀት ሆርሞንን ያንቀሳቅሳል። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ሲያቆም ኮርቲዞል ከፍ ይላል። ስለዚህ ክቡ ይገጥማል፤ ጭንቀት ወደ መጠጥ፣ መጠጥም ወደ ጭንቀት።

የቡዶንጎ ደን ምስክርነት

እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ እንስሳት ብቻቸውን በሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። ሰው ግን እንዲህ አይኖርም። ለዚህ ነው ከፖርት ቤል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ በቡዶንጎ ደን የተደረገው ጥናት ዋጋ የሚኖረው።

በቡዶንጎ ሶንሶ የተባለ የቺምፓንዚ ማኅበረሰብ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተመራማሪዎች በቅርብ ሲጠና ኖሯል። እንስሳቱ ስለማይያዙና ደማቸው ስለማይቀዳ፣ የጭንቀት ሆርሞናቸው የሚለካው በሽንታቸው ነው። ተመራማሪዎች ቺምፓንዚው ሽንቱን እስኪሸና ጠብቀው ከቅጠል ላይ ጠብታውን ይሰበስባሉ።

በሮማን ዊቲግ እና ካትሪን ክሮክፎርድ የተመራው ቡድን በ2016 ባሳተመው ጥናት የእንስሳቱን ሆርሞን በሦስት ሁኔታዎች አነጻጸረ፤ ሲያርፉ፣ አንዱ የሌላውን ፀጉር ሲያጸዳ እና ከጎረቤት ተቀናቃኝ ማኅበረሰብ ጋር ሲጋጠሙ።

ከተቀናቃኝ ጋር መጋጠም ለቺምፓንዚ አደገኛ ነገር ነው፤ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ሆኖም የቅርብ ወዳጅ አጠገባቸው የነበሩት ቺምፓንዚዎች የጭንቀት ሆርሞን መጠናቸው ዝቅ ያለ ነበር። የተመራማሪዎቹን ትኩረት የሳበው ግን ወዳጅነቱ የጠቀመው በመከራ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ምንም አደጋ በሌለበት ተራ ቀንም ከወዳጅ ጋር መሆን ሆርሞኑን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል።

በዚያው ማኅበረሰብ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችም ቺምፓንዚዎች ከቅርብ ወዳጆቻቸው ጋር ፀጉር ሲጸዳዱ ወይም ምግብ ሲካፈሉ ኦክሲቶሲን የተባለው የመቀራረብ ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

የቤተ ሙከራ ዝንጀሮዎችም ተመሳሳይ ፍንጭ ይሰጣሉ። በ1991 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ያለ እናት ያደጉ ዝንጀሮዎች ኮርቲዞላቸው ከፍ ያለ እንደነበርና አልኮልም አብዝተው እንደጠጡ ገልጿል። በእናታቸው ያደጉት ደግሞ ከጓደኞቻቸው ሲነጠሉ የሚጠጡት መጠን ጨመረ።

በ2002 በሰሜን ካሮላይና በ20 ዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ የዶፓሚን መቀበያዎችን በምስል አየ። እንስሳቱ ለየብቻ ሲኖሩ በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። አራት አራት ሆነው አብረው መኖር ሲጀምሩ ግን በደረጃ የበላይ የሆኑት የዶፓሚን መቀበያ መጠን ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። በሥራቸው ያሉትና ዘወትር የሚገፉት ለውጥ አላሳዩም፤ ኮኬይን በቀረበ ጊዜም አብዝተው የወሰዱት እነርሱ ነበሩ።

በአንጎል የታየው ልዩነት ከተፈጥሮ ብቻ የመጣ አልነበረም። በኑሮ ውስጥ የተያዘው ቦታም ፈጥሮታል።

ጉዳቱ ይሽራል?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይጥ ሰው አይደለችም። የቤተ ሙከራ ጭንቀትም ከሰው ልጅ ኀዘን፣ ዕዳ ወይም ስደት ጋር አንድ አይደለም። በእንስሳት ላይ የሠራ መድኃኒት ሁሉ ለሰው አይሠራም።

ሆኖም የጭንቀት ሰንሰለቱም ሆነ የዶፓሚን መንገዱ በአጥቢ እንስሳት ሁሉ በእጅጉ ይመሳሰላል። ስለዚህ እንስሳቱ ሙሉ መልስ ባይሰጡም የት መፈለግ እንዳለብን ያሳያሉ። ከሚያሳዩት አንዱም ለውጡ የዕድሜ ልክ ፍርድ ላይሆን እንደሚችል ነው።

በኮትዲቯር ታይ ደን እናቶቻቸውን ያጡ ቺምፓንዚዎችን የተከታተለ በ2021 የታተመ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። በቅርቡ እናታቸውን ያጡ ግልገሎች የኮርቲዞል መጠናቸው ከፍ ያለ ነበር። ጊዜ ሲያልፍ ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ካደጉ በኋላም አልተገኘም።

በ2018 በአሜሪካ ብሔራዊ የሱስ ምርምር ተቋም የተደረገ ሙከራ ደግሞ ሄሮይን ወይም ሜትአምፌታሚን መውሰድ ለለመዱ አይጦች ምርጫ ሰጠ። አንዱን መጫኛ ቢጫኑ ዕፁን ያገኛሉ፤ ሌላውን ቢጫኑ በር ተከፍቶ ከሌላ አይጥ ጋር ይገናኛሉ። አይጦቹ በአብዛኛው የመረጡት ጓደኛቸውን ነው።

ይህ ማለት ወዳጅ ያለው ሰው በሱስ አይያዝም ማለት አይደለም። በሱስ የተያዘም የወደደው ስላጣ ነው ማለት አይደለም። ብቸኝነትን የሚያበዛ ሕክምና ወይም ቅጣት ግን የችግሩን ሥር ሊያጠነክር እንደሚችል ይጠቁማል።

ካባላጋላን በመሳሰሉ የካምፓላ ሠፈሮች በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከአገራቸው የወጡት በችግር ነው፤ የሦስተኛ አገር ጉዳያቸው እስኪያልቅ ዓመታት የሚጠብቁም አሉ። ማለቂያው የማይታወቅ መጠባበቅ ድኩላዋ ከምትሸሸው አንበሳ የተለየ ጭንቀት ነው፤ ሮጠው አያመልጡትም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የሚጠራበት ልማድ በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ እንዳልሆነ፣ የቡዶንጎ ቺምፓንዚዎች ተራ ቀን ያስታውሰናል።

ሳይንሱ ለጠጪው ምን ይለዋል?

መንግሥታት መጠጥን በሕግ ለመግታት ይሞክራሉ። ኡጋንዳ በ2019 በትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች እየታሸገ በርካሽ ይሸጥ የነበረውን አረቄ አግዳለች። በቀላሉ የማይገኝ መጠጥ በቀላሉ አይጠጣም፤ ይህ እርምጃ የራሱ ጥቅም አለው።

የእንስሳቱ ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ብርጭቆው ያጓጓል፤ በተጨነቀ አንጎል ውስጥ ግን የሚሰጠው ከሚጠበቀው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ያ ጉድለት ሌላ ብርጭቆ ይጠራል። ይህን የሚያየው ሰው ሰነፍ ወይም ደካማ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሕይወት አዳኝ ሥርዓት ባልተፈጠረለት ኑሮ ውስጥ ስለገባ ነው።

ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው ብቻውንና በድንገት ለማቆም መሞከሩ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታ ዓይነት ምልክት ሊከተል ስለሚችል በሕክምና ክትትል ማቆም ይመከራል። በካምፓላ ቡታቢካ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤልን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎች ለዚህ በር አላቸው።

ያን በር ማንኳኳት ብዙዎችን ያሳፍራል። ሕመሙ በአንጎል ውስጥ የሚለካ፣ በሆርሞንና በሴል የሚገለጽ ነገር መሆኑን ማወቅ ኀፍረቱን በጥቂቱም ቢሆን ሊያቀልለው ይችላል። አብሮ የሚሄድ ወዳጅ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ ይቀላል።